የሻይ ሻጯ ጣሪያ

መተማ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የዳባት ብርድ ዘንድሮም ወገብሽን ያዘው ወይስ ተወት አደረገሽ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ያ ጎረቤትሽ አጥሩን ወደ ቦታው መለሰልሽ ወይስ አሁንም ቀስ እያለ ወደ አንቺ እየገፋው ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ያብስራ ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ሽመክትም ደህና ነው። ስለ እሱ ከታች ብዙ ስለምጽፍልሽ እዚህ ላይ ደህና ነው ብዬ ልለፈው።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ሙኽታር ነው፤ ግድግዳ የምንጋራው የጎረቤቴ የሪሐና ባል። ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ሲወጣ ለዳባት ሾፌር ይሰጥልኛል። አደራሽን፣ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ዲያቆኑን ጠርተሽ እንዳታስነብቢው። ለምን እንደሆነ ስትጨርሺው ይገባሻል።

የዚህን አገር ሙቀት አንቺ አታውቂውም። የመጣሽው አንዴ ነው፣ ያውም በጥር። ያን ጊዜ እንኳ «ይህ አገር ሰው የሚቀቀልበት ነው» እያልሽ ስታስቂን ነበር። ሚያዝያ ሌላ ነው፣ እማ። ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል። በእንስራ ያስቀመጥሽው ውሃ ለሻይ ጥቂት የቀረው ይመስላል። ሻማ ሳይበራ ይጎብጣል። ቬንትሌተር አለን፤ መብራቱ ግን ከሚመጣበት የሚጠፋበት ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ቀን ከነልጆቻችን ግቢ ውስጥ ራኩባ ሥር ነን። ራኩባ እዚህ በእንጨትና በሳር የሚሠራው ዳስ ነው።

እንግዲህ በየካቲት ከጎንደር አንዲት ልጅ መጣች። ወንጌል ትባላለች፣ ኢንጂነር ናት። ይዛ የመጣችው ቀለም ነው፤ ነጭ፣ እንደ እርጎ ወፈር ያለ። ቆርቆሮ ላይ ሲቀባ ያለ መብራት፣ ያለ ጄኔሬተር፣ ያለ ምንም ቤት ያቀዘቅዛል አለች። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ስንቱ መጥቶ ስንት ነገር ብሎን ሄዷል! ሽመክት ሥራው ቆርቆሮ መምታት ስለሆነ ለመቀባት እሱን ቀጠረችው። የጤና ጣቢያውን ጣሪያ ግማሹን ቀብተው ግማሹን ተዉት። አንድ የሰሊጥ መጋዘንም እንደዚያው አደረጉ።

አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ፣ ማመን ስላቃተኝ መሰላሉን ወጣሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ያልተቀባውን በጣቴ ጫፍ ነክቼ እጄን አሸሸሁ። የተቀባው ላይ መዳፌን ሙሉ አሳረፍኩ፤ ጥላ ውስጥ እንደዋለ እንስራ ቀዝቃዛ ነው። እውነቴን ነው እማ፣ ፈራሁ። በዚያ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ደስ አይልም፤ ያስፈራል። ወርጄ «ምን ብታደርጊበት ነው?» አልኳት። «ፀሐይዋን ይመልሳታል፤ የቤቱን ሙቀት ደግሞ ወደ ሰማይ ይለቀዋል» አለችኝ። «ደመና በሌለበት ሌሊት ደጅ ያደረ ዕቃ ከአየሩ ይልቅ ሲቀዘቅዝ አላየሽም? ይህ ቀለም ያንኑ በቀን ያደርገዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ማቀዝቀዙ ሳይሆን መቆየቱ ነው። የዚህን አገር አቧራና ፀሐይ፣ ከዚያም የክረምቱን ዝናብ ችሎ እስከ መቼ ነጭ እንደሚሆን ገና አናውቅም።»

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ነጭ ጣሪያ ከሰማይ ሆኖ ለሚያይ ምልክት ነው ተባለ። ማን ለማን እንደሚያመለክት የሚናገር የለም፤ ሰዉ ግን በመጋዘኑ በኩል ማለፍ ትቶ በማዶ መሄድ ጀመረ። ዘመኑን ታውቂዋለሽ። አንቺም እዚያ የማታውቂው መኪና ደጅሽ ሲቆም በር ትዘጊያለሽ። እኔ ወሬውን እየፈራሁ፣ ቅዝቃዜውን ደግሞ እየተመኘሁ፣ «የኛን ቤትስ አትቀባውም?» አልኩት ሽመክትን። ቀና ብሎ አላየኝም። «ሰው የሚለውን አልሰማሽም? ልጆቼ የሚተኙበትን ጣሪያ ለሰው አፍ አልሰጥም» አለኝ። ልክ ነው ብዬ ተውኩት።

ከፋሲካ በኋላ ወንጌል ጣሪያዎቹ ላይ የተወቻቸውን መለኪያዎች ልታይ ተመልሳ መጣች። ገበያ ላይ አግኝታኝ ሳመችኝና «ቤታችሁ እንዴት ሆነ? ልጆቹ ቀን ቀን መተኛት ቻሉ?» አለችኝ። ግራ ገባኝ። የምን ቤት አልኳት። «ምነው፣ የተረፈውን ባልዲ ለናንተ ጣሪያ ብዬ ለሽመክት ሰጥቼው የለም እንዴ? ቀብቼዋለሁ፣ በጣም ጥሩ ሆኗል አለኝኮ!»

«አዎ፣ ጥሩ ነው» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁላት አላውቅም። ባሌን ሰው ፊት ላለማዋረድ ይሆናል። ወይም ነገሩን ከእሷ በፊት እኔ ላውቀው ፈልጌ ይሆናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ሌላ ዓይን ሆነ። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በሚሮጥበት ሰዓት ባሌ መሰላል ተሸክሞ ይወጣል። የጤና ጣቢያው ሥራ ካለቀ ቆይቷል፤ ጥፍሩ ሥር ግን ነጭ ቀለም አለ። ጡት ያስጣልኳት ልጄ የምትጠጣው የፍየል ወተት ከጣሳው ይጎድላል። ሸሚዙ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው ሸሚዝ ጠፋ፣ ያ ስስ ጥጥ የሆነው። ወንድ ልጅ ሸሚዙን ረስቶ የሚመጣው ከየት ነው? አንቺው ንገሪኝ።

በቀትር የት እንደሚውል ስጠይቀው መጋዘን ነኝ አለ። በማግስቱ ወደ ወፍጮ ስሄድ አውቄ በመጋዘኑ በኩል አለፍኩና ዘበኛውን ጠየቅሁት። «እሱን ካየሁት ሰነበትኩ» አለኝ። ስለ ቀለሙም እንደ ዘበት፣ የተረፈ ነገር አልነበረም ወይ አልኩት። «ባልዲው ውስጥ ደርቆ ጣልነው» አለ። ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ጆሮውን አከከ።

የቀረውን የነገረችኝ ሪሐና ናት። ልብስ እያሰጣን «አትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ከኬላው በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው የእመቤት ቤት ጣሪያ ነጭ ሆኗል። ባልሽ እዚያ ላይ ወጥቶ በመጥረጊያ ሲጠርግ ሙኽታር አይቶታል።» ጣሪያ የሚጠርግ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? የራሱን ደጃፍ ጠርጎ የማያውቅ!

እመቤት ጦርነቱ ሲነሳ ከሱዳን ከተሻገሩት አንዷ ናት። ኬላው አጠገብ ሻይና ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ ትሸጣለች። ባል የላትም። መልኳን ልንገርሽ ብል ቅናት ነው ትያለሽ፤ ቆንጆ ናት ብዬ ልተወው። ሱዳን የሚለውን ቃል ስጽፍልሽ እጄ እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ። ታናሽ ወንድሜ ካርቱም ላይ ከገበያው ጋር አብሮ ተቃጠለ ተብለን፣ ሬሳ ሳናይ ድንኳን ጥለን ከተቀመጥን ወዲህ፣ ከዚያ ማዶ የመጣን ሰው አላምንም። እሱ ሲያልቅ እነሱ እንዴት ተረፉ እላለሁ። ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ እላለሁ። አሁን ደግሞ ከተረፉት አንዷ የልጆቼን ጣሪያ ወሰደች።

የኛ ቤት እንደ ምድጃ እየነደደ፣ ያብስራ በሙቀት ሽፍታ ገላዋን እየቧጠጠች፣ አባቷ ሚስቱ ባልሆነች ሴት ራስ ላይ ጥላ ይዘረጋል! ልብሴን ሸክፌ ልጆቹን ይዤ ወደ አንቺ ልወጣ ወስኜ ነበር። ግን ባላየሁት ነገር ቤቴን አላፈርስም አልኩ። በዓይኔ አይቼ ነው የምሄደው።

በማግስቱ ሽመክት መሰላሉን ይዞ እንደወጣ ልጆቹን ለሪሐና ትቼ ተከተልኩት። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ውሾቹ የጭነት መኪና ሥር ገብተዋል። ቁልቁል ወደ ወንዙ ስወርድ ጣሪያውን ከሩቅ አየሁት። ዓይን ይወጋል እንጂ አይታይም ብልሽ ይቀላል፤ ከዛገው ቆርቆሮ ሁሉ መሃል እሱ ብቻ ነጭ። ሽመክት እላዩ ላይ ተንበርክኮ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። እኔን ሲያይ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «ዙፋን! ዙፋን፣ አትግቢ!» አለኝ። አትግቢ ሲለኝ ነገሩ አለቀልኝ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ቅዝቃዜው ነው። የዳባት ብርድ አይደለም፤ ግን ጀርባዬ ላይ ሲወርድ የነበረው ላብ ቆመ። ደሜ ይባስ ፈላ። እንዲህ ያለ ቤት ነው የሰጣት አልኩ። እመቤት ከመጋረጃው ፊት ተነስታ መንገዴን ዘጋች። ልትጮህብኝ ነው ስል፣ በሹክሹክታ «እህቴ፣ በማርያም ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ገና አሁን ነው የተኛው» አለችኝ። የተኛው! ሌላ ወንድ አለ ማለት ነው? ሐሳቤ ተምታታ። በክንዴ ገፋ አድርጌያት መጋረጃውን ገለጥኩ።

በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ አንድ ሰው ተጋድሟል። የለበሰው የሽመክትን ሸሚዝ ነው። ፊቱን አላወቅሁትም። ግማሽ ፊቱን፣ አንገቱንና ክንዶቹን እሳት በልቶታል፤ ቆዳው ተሸብሽቦ፣ አብለጭልጮ ድኗል። አፍሬ መጋረጃውን ልመልስ ስል ዓይኑን ገለጠ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «እቱ፣ አሁንም በር የምትከፍቺው በትከሻሽ ነው?» አለኝ።

እማ፣ በዚህ ዓለም እቱ ብሎ የሚጠራኝ ማን እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልጽፍልሽም። መሬት ላይ ነበርኩ። እመቤት ፊቴ ላይ ውሃ ስትረጭ፣ ሽመክት ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል።

የሰውየው ነገር እንዲህ ነው። ገበያው ሲቃጠል ካርቱም ነበር። ከሞቱት ጋር ተቆጥሮ ሳለ አንድ የማያውቀው ሰው ጎትቶ አወጣው። ገዳሪፍ ሆስፒታል ከቆሰሉት ጋር ተኝቶ በሕመም ሲቃዥ፣ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው እመቤት አማርኛ ሰምታ ገባች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እሷው ናት ያጎረሰችው፣ ቁስሉን ያጠበችው፣ ስትሻገርም ይዛው የመጣችው። ሐኪም እንደነገራቸው የተቃጠለ ቆዳ አያልበውም። የማያልበው ሰው ሙቀት ሲበዛበት ገላው እንደተጣደ ድስት ይግላል። እዚህ እንደደረሱ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ እየደጋገመ ራሱን ሳተባት። የሳር ቤት ይሻለዋል ትያለሽ፤ እኔም ብያለሁ። ሳር ያለበት አይገባም። ሳር ሲያይ እሳት ነው የሚታየው። ራኩባ ሥር እንኳ አስገብተውት እየጮኸ ወጣ። እንግዲያው ደጋ ውሰዱት ትያለሽ። እሱንም እምቢ አለ። «እዚያ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ። በቁመቴ ያውቁኛል። ይህን ፊት ይዤ አልሄድባቸውም፤ ሞቷል ብለው አልቅሰው ጨርሰዋል» አለ።

እመቤት ስትጨነቅ፣ መተማ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ለምና አስነገረችው። የነገራት የሽመክትን ስም ነው። ሽመክት ሲመጣ ሰውየው ለማንም እንዳይናገር አስማለው፤ ከማንም በላይ ለእኔ። በዚያው ሰሞን ነው ወንጌል ባልዲውን የሰጠችው። «የኛን ጣሪያ አየሁ፣ ይህን ጣሪያ አየሁ» አለኝ ሽመክት። «ልጆቹ ራኩባ ሥር መተኛት ይችላሉ። እሱ አይችልም።» ለምን ለእኔ ደበቅህ ብዬ ጮህኩበት። «አንቺ ባወቅሽ በማግስቱ ዳባት ይሰማል ብሎ ነው ያስማለኝ» አለ። በዚህ እንኳ አልተሳሳቱም።

ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የበደለኝን እንደ በደል፣ ያደረገውን ደግሞ እንደ ደግነት ለየብቻ ለማየት እየሞከርኩ ነው። አሁንም ሲወጣ ወዴት ነው እላለሁ። ዓይን የለመደውን ቶሎ አይተውም። እመቤትንም ገና አላመንኳትም። እንዲህ ያለውን ነገር ለባዕድ ሰው በነጻ የሚያደርግ ማን አለ? ምን ፈልጋ ነው እያልኩ እጇን፣ ዓይኗን እጠብቃለሁ። ትናንት ግን ወተት ይዤ ስደርስ ከውስጥ ሰውየው ሲስቅ ሰማሁ። ያንን ሳቅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። በሩ ላይ ቆሜ ሳልገባ ተመለስኩ። ስታዪያት ራስሽ ፍረጂ።

ሌላም ነገር ሆነ። ባለፈው ሳምንት ከሱዳን በኩል ሀቡብ ተነሳ፤ እንደ ቀይ ግድግዳ ከሰማይ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የአቧራ ነፋስ ነው። ሲያልፍ ከተማው ሁሉ ሸክላ መስሎ ቀረ። በማግስቱ ሽመክት ለሥራ ገንዳ ውሃ ከተማ ሄዶ ነበር። ቀትር ላይ እመቤት ያለ ነጠላ እየሮጠች መጣች። «ጣሪያው ቀይ ሆኗል፣ ቤቱ ግሏል፣ መናገር አቁሟል» አለችኝ። ስንደርስ ገላው ይፋጃል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኔን ግን አያይም። እመቤትን እርጥብ ጨርቅ እንድታለብሰው አድርጌ ሽመክት ትቶት የሄደውን መሰላል አቆምኩና ወጣሁ። ከዚያ ከጤና ጣቢያው መሰላል በቀር ከአንቺ ቤት ቆጥ በላይ ወጥቼ የማላውቅ ሴት!

እሷ እየሮጠች ጀሪካን ታቀብለኛለች፣ እኔ አፈሳለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ሽቦ እንዳይነካው፣ እንዳይፋቅ ብሎ ሽመክት ነግሮን ነበርና እንደ ሕፃን ገላ ነው ያጠብኩት። ማዶ ሰው ተሰብስቦ ያየናል። «ምልክቱን እያጸዱት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይበሉ አልኩ። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው፤ ከአቧራው ሥር ነጩ ባይኖርስ? ከአቧራው ጋር ታጥቦ ቢሄድስ? ቀዩ ውሃ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ነጩ ወጣ። መዳፌን አስቀምጬ ጠበቅሁ። ቆርቆሮው ከእጄ ሥር ቀስ እያለ ሙቀቱን ሲለቅ ተሰማኝ። እዚያው ላይ እንደተቀመጥኩ እመቤት ከታች «ውሃ ስጡኝ አለ! ውሃ አለ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ወርጄ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። ያኔም እያለቀስኩ፣ ምን ፈልጋ ነው እያልኩ ነበር። እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ለወንጌል ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጣሪያው ላይ ወጣች፣ ለካች፣ በጣቷ ዳበሰች። ስትወርድ ፊቷ ልክ አልነበረም። «መሃሉ ጥሩ ነው። ምስማሮቹ አጠገብና ጠርዙ ላይ ግን መላጥ ጀምሯል» አለችኝ። ከክረምቱ በፊት ሌላ ባልዲ ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቷ ነው። ከልቧ ነው፤ እኔ ግን መጥታ እስካያት አላምንም። ቀለሙም ይቆያል ብዬ አላምንም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ የተላጠውን አያለሁ፤ ትናንት ካየሁት ዛሬ የሰፋ ይመስለኛል።

ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ሰው ዕድሜውን በቀለም ላይ ጥሎ አይኖርም። ይህ ሰው ከክረምት በፊት ደጋ መውጣት አለበት። እኔ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ሽመክት ተቆጣው፣ እምቢ አለ። እመቤት አብሬህ እሄዳለሁ አለችው፣ ግድግዳውን አየ። ከዚያ አልጋ ሊያስነሳው የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ያ ሰው ደግሞ እንዳይሰማ በልጆቼ አስምሎኛል። «ስሜን እንዳትጽፊላት» አለኝ። መሐላዬን ጠብቄአለሁ። ወረቀቱን ወደ ኋላ መልሰሽ ብታዪው ስሙን የትም አታገኚውም።

ሙኽታር ከጎንደር ሲመለስ መኪናው ውስጥ ለአንቺ ቦታ እንዲይዝ ነግሬዋለሁ። ላሚቱን ለጎረቤት ስጪ፤ ስለ አጥሩም ግድ የለሽም፣ ይግፋው። ሁለተኛ ወረቀት እስክጽፍልሽ አትጠብቂ። ስትመጪ ደግሞ ያንን ጥቁር ቀሚስ አውልቀሽ ነይ። መንገድ ላይ ያየሽ ሰው «ማን ሞቶብሽ ነው?» ቢልሽ የምትመልሺው ታጪያለሽ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ እቅፍሽን ባዶ አያድርገው። አሜን።

ልጆችሽ